የባሕር ዳር የመሬት አጠቃቀም ቅድሚያዎች ለቀጣዩ በጀት ዓመት፦ ከመስክ ምልከታ እስከ ምክር ቤት ውሳኔ

ይህ መመሪያ በከተማ አስተዳደሩ፣ በክፍለ ከተማና በቀበሌ የመሬትና የፕላን ሥራ ለያዛችሁ ባለሙያዎች፣ በምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ለምትቀመጡ ተመራጮችና በአካባቢ ኮሚቴ ለምትሳተፉ ነዋሪዎች ነው። የጻፍኩት ዓመታዊው የቅድሚያ ዝርዝር በተደጋጋሚ ስለሚከሽፍ ነው። ዝርዝሩ ይጸድቃል፤ ሰኔ 30 ሲደርስ ግን ያልተነኩት ሥራዎች ቀናቸው ብቻ ተቀይሮ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራሉ።

ችግሩ የሚፈጠረው ሦስት ቦታ ላይ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋጀው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሐይቁ ወርዶ መሬቱ ሁሉ ደረቅ በሚመስልበት ወቅት ነው። ካሳ ያልተያዘለት የገበሬ ማሳ እንደ ባዶ መሬት ይቆጠራል። ከዚያ ደግሞ የመጣው ጥያቄ ሁሉ ቅድሚያ ይባላል። ከታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ሦስቱን ለመዝጋት የተዘጋጁ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን አታዛቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት

*ጊዜውን ወደኋላ ቁጠሩ*

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ባሕር ዳር ላይ ሐምሌና ነሐሴ የዶፍ ወራት ናቸው፤ መስከረምም ቢሆን መሬቱ ውኃ እንደጠገበ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ የ12 ወር ቢሆንም መቆፈር፣ መደልደልና መገንባት የሚቻለው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት 8 ወራት ነው። ይህን ያላሰበ ዕቅድ ገና ሳይጀመር አራት ወር ተበልቶበታል።

ሥራውን እንዲህ ከፋፍሉት፦

- ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፦ የመስክ ምልከታ (ደረጃ 1)
- ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ፦ ካርታ ማስተያየትና ጥያቄ መሰብሰብ (ደረጃ 2 እና 3)
- ጥር፦ ማጣራትና ውጤት መስጠት (ደረጃ 4 እና 5)
- የካቲትና መጋቢት፦ የሕዝብ ምክክር (ደረጃ 6)
- ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፦ በጀት፣ ካቢኔ፣ ምክር ቤት (ደረጃ 7)

*ቡድኑን አሟሉ*

የፕላን ባለሙያ፣ ቀያሽ፣ የጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታ) ባለሙያ፣ የውኃና የጎርፍ ማስወገጃ መሐንዲስ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፣ የካሳ ገማችና የፋይናንስ ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ካሳ ገማቹና የፋይናንስ ባለሙያው መጨረሻ ላይ ተጠርተው የሚፈርሙ አይሁኑ፤ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይገኙ። ዝርዝሩን ከወረቀት ወደ መሬት የሚያወርዱት እነሱ ናቸው።

*ሰነዶቹን አንድ ቦታ ሰብስቡ*

- በሥራ ላይ ያለው መዋቅራዊ ፕላን (የመላ ከተማው የመሬት አጠቃቀም ፕላን)፣ ከማብራሪያ ሪፖርቱና ከደንቦቹ ጋር። ካርታውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።
- እስካሁን የጸደቁ የአካባቢ ልማት ፕላኖች (የአንድን ሰፈር ወይም አቅጣጫ ዝርዝር የሚያወጡ)።
- የመሬት ባንክ (በከተማው እጅ ያለ መሬት) መዝገብና የካዳስተር (የይዞታ ልኬትና ምዝገባ) መረጃ።
- የጣና ባዮስፌር ቀጠናዎች ካርታ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ስለተመዘገበ ጥብቅ፣ መከለያና መሸጋገሪያ ቀጠናዎች አሉት።
- ያለፈው ዓመት ዝርዝር፣ ያልተሠራው ሥራ ለምን እንዳልተሠራ ከሚገልጽ አንድ አንድ መስመር ጋር።

የመጨረሻውን አትዝለሉት። አንድ ሥራ ለሦስተኛ ጊዜ የተላለፈ ከሆነ ወይ እንቅፋቱ በስሙ ይጻፍ፣ ወይ ሥራው ከዝርዝሩ ይውጣ።

ደረጃ 1፦ መሬቱን በውኃው ጊዜ እዩት

ለዚህ ደረጃ ሰፊ ጊዜ ስጡት። ባሕር ዳር ለጥ ያለች ከተማ ናት። ተዳፋቷ ትንሽ ስለሆነ አንድ ቱቦ ሲደፈን ውኃው የሚተኛው ሰፈር ሙሉ ላይ ነው። ግንቦት ላይ ብትሄዱ ይህ አይታያችሁም፤ የምታዩት የተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈርና ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው። ሜዳውን ወደ ቤት መሥሪያ ቦታ የምትለውጠው ያቺ የግንቦት ጉብኝት ናት።

1. ነጥቦችን ምረጡ። ከሐይቁ ዳር (ለምሳሌ ከሽምብጥ አቅጣጫ)፣ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት፣ ከጉዶ ባሕር ረግረግ፣ ከዓባይ ማዶ፣ ከተማው እየሰፋ ካለባቸው እንደ ዘንዘልማና ሰባታሚት ካሉ አቅጣጫዎች በቂ ነጥቦች ያዙ። ዘጌ፣ መሸንቲና ጢስ ዓባይም በከተማ አስተዳደሩ ሥር ስለሆኑ አትርሷቸው።

2. ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዴ በማግስቱ፣ አንዴ በሦስተኛው ቀን። በማግስቱ የምታዩት ጎርፍ ነው። በሦስተኛው ቀንም የተኛ ውኃ ካለ መውጫ የሌለው ቦታ ነውና የቦይ መስመር ሳይያዝለት ለግንባታ አይታሰብ።

3. የሐይቁን ከፍተኛ ልክ ያዙ። ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ። ውኃው የደረሰበትን ጫፍ በጂፒኤስ መዝግቡ፣ በድንጋይ ወይም በግንብ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ፎቶ አንሡ።

4. ነዋሪ ጠይቁ። ዓሣ አስጋሪዎችን፣ ታንኳ ሠሪዎችን፣ ደንገል ቆራጮችን፣ ዳር ላይ የሚያርሱ ገበሬዎችን። ለየብቻ ጠይቁ፤ ሁለት ሦስት ሰው በተናጠል አንድ ቦታ ካመለከተ መዝግቡት።

5. የተደፈነውን ጻፉ። በገረጋንቲ ከመንገዱ በላይ ከፍ የተደረገ ግቢ፣ ቆሻሻ የሞላው ቦይ፣ በአጥር የተዘጋ የውኃ መውረጃ። ግቢውን ከፍ ያደረገ ሰው ውኃውን ወደ ጎረቤቱ ገፍቶታል። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በጠብ ስለሆነ የቀበሌውን የአቤቱታ መዝገብም አገላብጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማለዳና ወደ ማታ ገደማ በሐይቁና በዓባይ ዳር ጉማሬ ይወጣል። በረፋዱ ሂዱ፤ የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ ደንገል ውስጥ አትግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ውኃው ሸሽቶ የተወውን መሬት ትርፍ መሬት ብላችሁ አትመዝግቡ። የጣና ከፍታ የሚወሰነው በዝናብ ብቻ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ባሉት የጨረጨራ መዝጊያዎችና ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በኩል በሚሄደው ውኃም ይወሰናል። ዘንድሮ ደረቅ የሆነው ዳር መዝጊያው በሌላ መንገድ በሚሠራበት ወይም ክረምቱ በሚበረታበት ዓመት ተመልሶ ሐይቅ ይሆናል። እዚያ ላይ ካርታ የተሰጠው ሰው ዕዳው የእናንተ ነው።

*ወቅቱ ካመለጣችሁ*

በበጋ ለመሥራት ከተገደዳችሁ የሚከተሉትን ተጠቀሙ፦ የደንገልና የፊላ መስመር እስከየት እንደሚደርስ፣ በግንብና በዛፍ ግንድ ላይ የቀረ የውኃ ምልክት፣ በባሕር ዳር የሚመዘገበው የሐይቁ ከፍታ መረጃ፣ በመስከረምና በጥቅምት የተነሡ የሳተላይት ምስሎች። በዚህ መንገድ የተገኘውን መስመር «ጊዜያዊ» ብላችሁ ጻፉ፤ በቀጣዩ መስከረም በመስክ ሳይረጋገጥ ሽንሻኖ (መሬቱን በቦታ መከፋፈል) አይሠራበት።

ደረጃ 2፦ ፕላኑን ከመሬቱ ጋር አስተያዩ

በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ከተማው የሚመራው በመዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ዓመታዊ ቅድሚያ ማውጣት ፕላን መቀየር አይደለም። ሥራችሁ ፕላኑ ካስቀመጠው ውስጥ ዘንድሮ የትኛው እንደሚቀድም መወሰን ነው። የመሬት አጠቃቀሙ ራሱ ይቀየር የሚል ጥያቄ ከመጣ ለፕላን ማሻሻያ ሂደት ምሩት፤ በዓመታዊ ዝርዝር ውስጥ ተሸሽጎ አይለፍ።

1. መዋቅራዊ ፕላኑን በቅርብ ጊዜ ኦርቶፎቶ (የተስተካከለ የአየር ፎቶ) ወይም የሳተላይት ምስል ላይ ደርቡ።
2. በደረጃ 1 ያገኛችሁትን የውኃ መስመርና የተኛ ውኃ ነጥቦች ጨምሩ።
3. በሦስት ቀለም ለዩ፦ በፕላኑ መሠረት የተያዘ፣ ከፕላኑ ውጭ የተያዘ፣ ገና ያልተያዘ።
4. ያልተያዘውን ደግሞ በሁለት ክፈሉ፦ በከተማው እጅ ያለና ባለይዞታ ያለው። ገበሬ የሚያርሰው ማሳ ባለይዞታ አለው፤ ካርታው ላይ ነጭ ሆኖ መታየቱ ይህን አይለውጠውም።
5. በፕላን ማዘጋጃ መመሪያው ያለውን የ30/30/40 ምጣኔ በየክፍለ ከተማው አስሉ፦ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ለከተማው በጥቅሉ ብቻ ካሰላችሁት የሐይቁ ዳር አረንጓዴ የመሐል ሰፈሮችን ጉድለት ይሸፍንባችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የካርታዎቹን መነሻ (ቦታ በቁጥር የተለካበትን ሥርዓት) አረጋግጡ። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች በአብዛኛው የተሠሩት በአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ነው። የስልክና የጂፒኤስ መረጃ ደግሞ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ይመጣል። ሁለቱን ሳትቀይሩ ብትደርቡ ልዩነቱ 200 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ በደረቅ ምድር የተያዘ ቦታ ካርታው ላይ ሐይቅ ውስጥ ይገባል፣ ረግረጉም ደረቅ ይመስላል። የደረባችሁት በትክክል መሆኑን ለማወቅ የማይንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ፤ የዓባይ ድልድይ ጫፍ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ማኮብኮቢያ፣ የዋና አደባባይ ማዕከል ይሆናል። ሦስቱም ካልገጠሙ አትቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ ጥያቄዎችን በአንድ ቅጽ ሰብስቡ

ጥያቄ በደብዳቤ፣ በስልክና በቃል ይመጣል። ሁሉንም ወደ አንድ ገጽ ቅጽ አምጡ። ስድስቱ ክፍለ ከተሞች፣ የመንገድ፣ የውኃና ፍሳሽ፣ የመብራትና የቴሌ መሥሪያ ቤቶች፣ የትምህርትና የጤና መምሪያዎች፣ የመኖሪያ ቤት ማኅበራት፣ የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ ይሙሉ።

ቅጹ ላይ የሚጠየቀው ይህ ብቻ ነው፦

- ቦታው የት ነው? (የቦታው መገኛ ቁጥር፣ ማለትም ኮኦርዲኔት እንጂ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» አይበቃም)
- ስፋቱ ስንት ነው?
- ለምን አገልግሎት? ፕላኑ ላይስ ምን ተብሎ ተይዟል?
- ዛሬ ማን ይዞታል?
- ውኃው ወዴት ይወጣል?
- አንድ ዓመት ቢቆይ ምን ይጠፋል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላስገባሁትም። «ሥራው ይዘገያል» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ያ ስለማንኛውም ሥራ ሊባል ይችላል። መልሱ «የቦዩ መስመር በቤት ይዘጋል»፣ «ረግረጉ በአፈር ይደፈናል»፣ «ልጆቹ ትምህርት ቤት ለመድረስ ዋናውን መንገድ ያቋርጣሉ» የሚል ተጨባጭ ነገር መሆን አለበት።

መልሱን ያልሞላ ቅጽ ሲመጣ ከነምክንያቱ በሳምንት ውስጥ መልሱት። ይዛችሁ ከቆያችሁ ጠያቂው ተቀባይነት ያገኘ ይመስለዋል።

ደረጃ 4፦ በሦስት ወንፊት አጣሩ

ውጤት ከመስጠታችሁ በፊት ማጥለል አለባችሁ። ወንፊቶቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁኑ፦

አንደኛው፣ ፕላንና ሕግ። ከመዋቅራዊ ፕላኑ ጋር ይስማማል? በባዮስፌሩ በየትኛው ቀጠና ነው? በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ያስፈልገዋል? የሚያስፈልገው ከሆነ የግምገማው ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ይታይ።

ሁለተኛው፣ መሬቱና ካሳው። መሬቱ በከተማው እጅ ነው? ካልሆነ የባለይዞታዎቹ ብዛት፣ ማሳው፣ ቤቱ፣ ዛፉ ተቆጥሯል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማሻሻያው ተቀምጧል፤ የማሳወቂያ፣ የምክክርና የክፍያ ጊዜዎቹን ከቅርቡ ሰነድ ገልብጣችሁ በየሥራው ላይ በቀን አስቀምጡ። የካሳው ገንዘብ በበጀት ካልተያዘ ሥራው ዘንድሮ አይገባም። ገበሬውን ማሳውን እንዳያለማ አድርጎ ለዓመታት «ትነሣለህ» እያሉ ማቆየት በደል ነው፤ አይዘራ፣ አይሸጥ፣ አይነሣ። ይህን በደል የሚፈጥረው ከሁሉ በላይ ካሳ ሳይያዝለት ዝርዝር ውስጥ የገባ መሬት ነው።

ሦስተኛው፣ ውኃና መንገድ። የጎርፉ መውጫ እስከ መጨረሻው ታውቋል? ቦታው ከሐይቁ ወይም ከረግረግ ከቀረበ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው፤ ሽንት ቤትና ሴፕቲክ ታንክ በክረምት ይሞላል፣ ፍሳሹም ወደ ጣና ይሄዳል። መልስ ያልተገኘለት ሰፈር አይሸንሸን።

ያለፉትን ለደረጃ 5 አስቀምጡ። የወደቁትን ለሁለት ክፈሉ፦ «ይህ ቢሟላ ይገባል» እና «አይገባም»። ለመጀመሪያው ወገን የጎደለውን ነገርና የሚያሟላውን መሥሪያ ቤት ጻፉ። ማዘጋጀቱ ራሱ የዘንድሮ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ ውጤት ስጡ፣ አበላልጡ

የመመዘኛዎቹን ክብደት ጥያቄዎቹን ከማየታችሁ በፊት ወስኑና በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦

- ዘንድሮ ካልተደረገ የማይመለስ ጉዳት፦ 40
- የሚጠቀመው ሕዝብ ብዛትና ችግሩ፦ 25
- ለሌሎች ሥራዎች በር መክፈቱ፦ 20
- በ8 ወር ውስጥ መሠራት መቻሉ፦ 15

ለመጀመሪያው ትልቁን ነጥብ የሰጠሁት አስቤበት ነው። የዘገየ መናፈሻ በሚቀጥለው ዓመት ይሠራል። የተደፈነ ረግረግና ቤት የተሠራበት የቦይ መስመር ግን በየትኛውም በጀት አይመለስም፤ ቢመለስም ሰው በማፈናቀል ነው። ሐይቅ ዳር ለተቀመጠች ከተማ ይህ መመዘኛ ከሁሉም መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

*ምሳሌ*

ቁጥሮቹ ለማሳያ የተሰጡ ናቸው።

- ሀ. በጉዶ ባሕር ረግረግ ዙሪያ ወሰን ማካለልና ችካል መትከል፦ 38 + 12 + 12 + 14 = 76
- ለ. ለአንድ አዲስ የማስፋፊያ አቅጣጫ የአካባቢ ልማት ፕላንና የቦይ መስመር ማዘጋጀት፦ 26 + 18 + 20 + 9 = 73
- ሐ. በዚያው አቅጣጫ ለቤት ማኅበራት ቦታ መሸንሸን፦ 10 + 24 + 5 + 12 = 51
- መ. የሐይቅ ዳር መናፈሻ ማስዋብ፦ 5 + 15 + 3 + 15 = 38

ጭቅጭቁ የሚነሣው ሐ ላይ ነው። ማኅበራቱ ገንዘብ ቆጥበው ለዓመታት የጠበቁ፣ ቤት ኪራይ ያማረራቸው ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸው እውነት ነው። ነገር ግን ለ ሳይሠራ ሐ ቢሠራ ቦታቸውን የሚረከቡት ቦይና መንገድ ሳይያዝለት ነው፤ የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ ውኃው ቤታቸው ይገባል። ለእነሱ የሚሰጠው መልስ «ዘንድሮ ለ ይሠራል፣ ሲጠናቀቅ ሐ ቀጣይ ነው» የሚል፣ ወርና ኃላፊ ያለው የጽሑፍ መልስ ይሁን። «በሂደት ላይ ነው» አትበሏቸው።

ውጤት ስትሰጡ እነዚህን ጠብቁ፦

1. እያንዳንዱ የቡድን አባል ለብቻው በወረቀት ይስጥ፤ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።
2. ኃላፊው መጨረሻ ይናገር። መጀመሪያ ከተናገረ የሁሉም ነጥብ ወደ እሱ ይጠጋል።
3. በአንድ ሥራ ላይ የሁለት ሰዎች ነጥብ በ20 እና ከዚያ በላይ ከተለያየ አማካይ አትውሰዱ። አንደኛቸው የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም ማለት ነው፤ ተነጋገሩ፣ ካስፈለገ ቦታው ድረስ ሂዱ።
4. እኩል የወጡ ሁለት ሥራዎች ሲኖሩ የውኃው መውጫ ያለበትን አስቀድሙ። ቦይ ከታች ወደ ላይ ይሠራል፤ ከላይ ከተጀመረ ጎርፉን ሰብስቦ የታችኛው ሰፈር ላይ ይለቀዋል።
5. ክብደቶቹን ውጤቱን ካያችሁ በኋላ አትቀይሩ። ውጤቱ ያልተዋጠላችሁ ከሆነ ቅሬታችሁን በቃለ ጉባኤ ጽፋችሁ ለካቢኔ አቅርቡ።

ዝርዝሩ ከሰባት ሥራ አይብለጥ። ስምንተኛው እንዲገባ የሚሞግት ካለ ከሰባቱ የትኛው እንደሚወጣ አብሮ ይንገራችሁ።

ደረጃ 6፦ ሕዝቡን ከውሳኔ በፊት አማክሩ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ሕዝብ አካባቢውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የጸደቀ ዝርዝር አንብቦ ማስጨብጨብ ምክክር አይባልም።

- ስብሰባውን በገበያ ቀን፣ በበዓልና በአዝመራ ወቅት አትጥሩ።
- በአዳራሽ ብቻ አትወሰኑ፤ በዕድር፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከስግደት በኋላ በመስጊድ ደጅ፣ በዓሣ ማረፊያው ንገሩ።
- ካርታውን በትልቁ አትማችሁ መሬት ላይ ዘርጉት። በፕሮጀክተር የታየን ካርታ ሰው በጣቱ ሊያመለክትበት አይችልም።
- ለሴቶች ለብቻ ሰዓት አዘጋጁ። ውኃ ቤት ሲገባ እስከ ጉልበት ገብቶ የሚጠርገው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።
- የሚነካ ባለይዞታ ካለ ከስብሰባው በፊት ቤቱ ሄዳችሁ ንገሩት። በጉባኤ መካከል የማሳውን ቁራሽ በቀይ መስመር እንዲያየው አታድርጉ።

አነጋገራችሁ ግልጽና በአክብሮት ይሁን። ለምሳሌ፦

— አባቴ፣ ይህ ቀይ መስመር በእርስዎ ማሳ ጫፍ ያልፋል። ገና አልተወሰነም። ሐሳብዎን ልንሰማ ነው የመጣነው።

— መስመሩን ተወውና ልጄ፣ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ ላሳይህ።

እንዲህ ያለ መልስ ስታገኙ ስብሰባውን አቋርጣችሁም ቢሆን አብራችሁ ሂዱ። ያ ገበሬ የሚያሳያችሁ መስመር ብዙ ጊዜ ከኮንቱር (የመሬት ከፍታ መስመር) ካርታው የበለጠ ትክክል ነው፤ ለጥ ባለ መሬት ላይ የአንድ ሜትር ኮንቱር የማያሳየውን እሱ በየክረምቱ በእግሩ ረግጦታል።

አስተያየቶቹን ከነመልሳቸው ጻፉ፦ የተባለው፣ የተቀየረው፣ ያልተቀየረበት ምክንያት። በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፉ።

ደረጃ 7፦ ለካቢኔና ለምክር ቤት አቅርቡ

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ በቂ ነው። ቦታው በካርታ፣ የተሰጠው ውጤት፣ የካሳና የሥራ ገንዘብ ከነበጀት ርዕሱ፣ ተጠያቂው መሥሪያ ቤት፣ በየሩብ ዓመቱ የሚጠበቀው። ያልገቡት ጥያቄዎች ዝርዝርም ከነምክንያቱ አብሮ ይያያዝ፤ ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው የቀረውንም ጭምር ነው።

በጀት ከተቀነሰ ሰባቱንም እኩል አትሸራርፉ። ከታች ጀምራችሁ አንድ ሥራ ሙሉ በሙሉ አውጡ። ግማሽ ካሳ የተከፈለበት ሳይት ከሁሉም የከፋ ነው።

ደረጃ 8፦ በዓመቱ ውስጥ ተከታተሉ

ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቅየሳ፣ የካሳ ቆጠራ፣ የጨረታ ሰነድና የማሳወቂያ ደብዳቤ ይጠናቀቁ፤ ጥቅምት ሲገባ ማሽን መሬት ላይ ይውጣ። በየወሩ አንድ ጊዜ ቡድኑ ቢሮ ሳይሆን ሳይቱ ላይ ይገናኝ። ጥር ላይ ያልተጀመረ ሥራ ካለ በዚያው ወር ውሳኔ ይሰጥበት፤ እስከ ሚያዝያ ከተጠበቀ ክረምቱ ይቀድማል።

መሐል ላይ «አስቸኳይ» ጥያቄ ሲመጣ በዚያው ቅጽ፣ በዚያው ወንፊት ይለፍ። ካለፈም አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል፤ የሚወጣውን ያዘዘው አካል በፊርማው ይምረጥ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

*የቀበሌው መዝገብና ካዳስተሩ አልገጠሙም።* ሥራውን አቁሙ፣ ባለይዞታውንና አዋሳኞቹን ጠርታችሁ በቦታው ለኩ፣ ሁሉም የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ያዙ። አንዱን ሰነድ በግምት አትምረጡ።

*በታቀደው የቦይ መስመር ላይ ቤት ተሠርቶ ተገኘ።* መጀመሪያ ቦዩን በጥቂት ሜትር ማዞር ይቻል እንደሆነ መሐንዲሱ በጽሑፍ ይመልስ። ከተቻለ አዙሩት። ካልተቻለ ቤተሰቡ ከየት እንደመጣና የት እንደሚገባ ሳይታወቅ ማሽን አይሂድ። ከዚያ በኋላ የቀረውን መስመር በዚያው ሳምንት በችካል ለዩ፤ አንድ ቤት ከቆመ ሁለተኛው አይቆይም።

*አዲስ መንገድ ወይም ድልድይ ተከፍቶ የመሬት ፈላጊው በዛ።* በ2016 ዓ.ም. በግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ ዓይነት ሥራ ሲጠናቀቅ በማዶ በኩል ያለው መሬት በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። ለዚያ አቅጣጫ የአካባቢ ልማት ፕላን ከሌለ አዲስ ምደባ እስኪዘጋጅ ይቁም፤ የአረንጓዴና የጎርፍ መስመሮቹ ግን ፕላኑን ሳይጠብቁ ወዲያው ይከለሉ።

*ለባለሀብት ቃል የተገባበት ቦታ ረግረግ ሆኖ ተገኘ።* ዝምታ ጉዳቱን ያበዛል። የመስከረም ፎቶግራፎቹንና የኮኦርዲኔት ዝርዝሩን አያይዛችሁ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቁ፣ ከመሬት ባንክ ሁለት አማራጭ ቦታ አብራችሁ አቅርቡ። ግንባታ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣው ክርክር ለእሱም ለከተማውም ውድ ነው።

*እምቦጭ ዳሩን ሸፍኖ የውኃው ጫፍ አልታይ አለ።* አረሙ የተንሳፈፈበት ውኃ ሐይቅ ነው። መስመሩን ከአረሙ ወደ መሬት በኩል ባለው ጫፍ ያዙ፤ በዘንግ ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ።

*ችካሎቹ በሌሊት ተነቀሉ።* ይህ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው የእንጨት ችካል አትጠቀሙ። በኮንክሪት የተሠራ፣ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ትከሉ። ሲተከል አዋሳኝ ነዋሪዎችና የቀበሌው ተወካይ ቆመው ይመስክሩ፣ የእያንዳንዱ ኮኦርዲኔት በቃለ ጉባኤው ይስፈር፣ አንድ ቅጂ በቀበሌው አንድ ቅጂ በክፍለ ከተማው ይቀመጥ። ከተነቀለ በዚያው ኮኦርዲኔት በሳምንት ውስጥ መልሳችሁ ትከሉና ጉዳዩን ለሕግ አሳውቁ። ቦታውን ዳግመኛ ለመለካት ወይም ለመደራደር አትስማሙ፤ መስመሩ ያለው በመዝገቡ ላይ ነው።